ስለ ዱባና ቅል፤ ምሳሌያዊ አነጋገር እንደ ታሪክ ማስረጃ

የታሪክ ተማሪ ማስረጃ ሲሻ እጁን አስቀድሞ የሚዘረጋው ወደ ዜና መዋዕልና ወደ ገድል ነው። የጓሮ አትክልት ግን ዜና መዋዕል ጸሐፊ አልነበረውም። ስለዚህ የጓሮን ታሪክ ለመናገር የሚፈልግ ሰው ከሌላ ዐይነት ማስረጃ፥ ይኸውም ከሕዝቡ አነጋገር፥ ከተክሉ ጠባይና ከአዛውንቶች ልማድ መነሣት አለበት። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀውን «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለውን ምሳሌ በዚህ መንገድ ለመመርመር እሞክራለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱም ተክሎች በዘር የሚበቅሉ፥ በአንድ ዓመት ውስጥ አብበው፥ አፍርተው የሚሞቱ ሐረጎች ናቸው። ሁለቱም እንደ ክር በሚጠመዘዝ መያዣቸው አጥር ይወጣሉ፤ ሁለቱም ወንዴውንና ሴቴውን አበባ ለያይተው በአንድ ግንድ ላይ ያወጣሉ። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው ሲያብቡ ነው። የዱባ አበባ ቢጫ ሆኖ ጎሕ ሲቀድ ይከፈታል፤ ንብም ይጎበኘዋል። የቅል አበባ ግን ነጭ ነው፤ የሚከፈተውም ሲመሽ ነው፤ እንግዳውም የእሳት ራት ነው። እንግዲህ ምሳሌውን የተናገረው ሰው ማንም ይሁን ማን፥ አጥሩን በሚገባ ያየ ሰው ነበር።

ታሪካቸውም እንደ አበባቸው የተለያየ ነው። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ሲሆን ዱር በቀሉ በዚምባብዌ ተገኝቷል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ 10,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው የቅል ቅሪት በቁፋሮ ወጥቷል። በ1954 የታተመ ጥናት ቅል በባሕር ውሃ ላይ ከሰባት ወር በላይ ተንሳፎ ዘሩ ሳይሞት ሊቆይ እንደሚችል አሳየ። በ2014 የታተመው የዘረመል ምርመራ ደግሞ የጥንቱ የአሜሪካ ቅል ከአፍሪካው ቅል ጋር እንደሚዛመድ ገለጠ። ስለዚህ ቅል ያለ መርከብ፥ ያለ መርከበኛ፥ ከኮሎምቦስ እጅግ አስቀድሞ አትላንቲክን ተሻግሯል ማለት ነው። የዱባ ጉዞ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በሜክሲኮ አገር በኦሐካ፥ ጊላ ናኪትዝ በሚባል ዋሻ፥ ሰው ያለመደው የዱባ ዘር ተገኝቷል፤ ዕድሜውም ወደ 10,000 ዓመት ይጠጋል። ወደ እኛ ክፍለ ዓለም የመጣው ከ1492 በኋላ፥ በርበሬና በቆሎ በመጡበት የባሕር ንግድ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ይመስለኛል። ምሳሌያችን ዛሬ በምንረዳው ትርጉም ከ16ኛው መቶ ዓመት ሊቀድም አይችልም። «ከጥንት ከአባቶቻችን የወረደ» እያልን የምንጠራው አነጋገር የአንድ ነባርና የአንድ እንግዳ ተክል መገናኘት መታሰቢያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ዱባ የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ዱባእ» ጋር ይዛመዳል፤ ቃሉም ከኮሎምቦስ ብዙ መቶ ዓመት በፊት የነበረ ነው። እውነት ነው። ነገር ግን በሐዲስ «ዱባእ» በተባለ ዕቃ መጠጥ መዘፍዘፍ እንደ ተከለከለ ተጽፏል፤ ዕቃ የሚሆነውም ቅል ነው እንጂ ዱባ አይደለም። እንግዲያስ የጥንቱ ዱባእ ቅል ራሱ ነበር፤ ስሙ ወደ እንግዳው የዞረው ኋላ ነው። ምሳሌው ከዚያ በፊት ተነግሮ ከሆነ የሚበላውን ልዝብ ቅል ከዕቃ ቅል የሚለይ ይሆን ነበር፤ የቢጫውንና የነጩን አበባ ልዩነት ግን ሊናገር አይችልም።

ይህን ጉዳይ እንዳስብበት ያደረገኝ የየካ ተራራ ግርጌ ነው። ከሾላ ገበያ ወደ ኮተቤ በኩል በሚገኙት ግቢዎች በክረምት ዱባ አጥር ለአጥር ተዘርግቶ አያለሁ፤ ቅል ግን በስንት ፍለጋ ይገኛል። በሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ዘር ሰጡኝና አዘራሩን ነገሩኝ፤ ዘሩን ሌሊት በውሃ ማሳደር፥ በግንቦት ፍግና አመድ ባለበት በአጥር ሥር መዝራት፥ ሐረጉ ሲረዝም ጫፉን መቅጠፍ፤ ሴቴው አበባ የሚበዛው በጎን ቅርንጫፍ ላይ ነውና። እኔ ግን በትምህርት አመካኝቼ በሐምሌ መጨረሻ ዘራሁ። ሐረጉ አደገ፤ አበባውም በየማታው ፈካ። ነገር ግን የእንጦጦ ሰንሰለት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነው፤ የኅዳር ብርድም ከዚያ ወደ ግርጌው ይወርዳል። ፍሬው ሳይጠነክር አንድ ሌሊት ውርጭ መታውና ጠዋት ሐረጉ ሁሉ ጠቁሮ አገኘሁት።

አፍሬ ወደ እኒያ እናት ተመለስሁ። «እማማ፥ ዘሩን አጠፋሁት» አልኋቸው። እርሳቸውም የቀራቸውን አንድ ያልተከፈተ ቅል አውርደው አንገቱን እየቆረጡ፦ «ልጄ፥ የዱባን ዘር የሚበላው ያስቀምጥለታል፤ ቅልን ግን የሚቀዳበት ካጣ ማን ይከፍተዋል?» አሉኝ።

ይህ አነጋገር ከንባቤ ሁሉ ይልቅ ነገሩን አስረዳኝ። ቅል የሚከፈተው አንኮላ፥ ቅምጫና ወይም የወተት መናጫ ሊሆን ነው፤ ዘሩም የሚወጣው በዚያው ጊዜ ነው። ዕቃ መሥራትና ዘር ማውጣት አንድ ሥራ ነበሩ። ጀሪካንና የፕላስቲክ ጆግ የቅልን ቦታ ሲወስዱ የሄደው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ ዘሩን የምታወጣው እጅም አብራ ሄደች። ዱባ ስለሚበላ ይኖራል። እንግዳው ሲሰነብት ነባሩ ይሄዳል፤ አበቃቀላቸው ብቻ ሳይሆን አጠፋፋቸውም ለየቅል ነው።

ብራና በሣጥን ውስጥ መቶ ዓመት ይተኛል። የአንድ ዓመት ሐረግ ግን ሥር ይዞ የሚጠብቅ ተክል አይደለም፤ ዘሪ ካጣ ታሪኩ ይቆማል። ስለዚህ ጓደኞቼ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትመለሱ ስለ ጦርነትና ስለ ሹመት አዛውንቶችን እንደምትጠይቁ ሁሉ፥ በአጥራቸው ላይ ስላለው ቅልም ጠይቁ፤ ስሙን፥ ቅርጹንና አዘራሩን መዝግቡ፤ ዘሩንም ለምኑ። እኔ የተሰጠኝን ሁለተኛ ዘር በግንቦት እዘራዋለሁ።