የብረት ርጭትና የአውሮፕላን ጥገና

የተበላን የአውሮፕላን ክፍል ሳይጥሉ በብረት ርጭት የመሙላት ዘዴ መነሻው ከስዊስ ነው። መሐንዲሱ ማክስ ኡልሪክ ሾፕ የቀለጠን ብረት በአየር ግፊት በትኖ የመርጨትን ጥበብ የፈለሰፈው የራይት ወንድማማቾች በ1903 (እ.ኤ.አ.) ከበረሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነበር። በ1950ዎቹ ደግሞ የፍንዳታ ርጭት፣ ቀጥሎም የፕላዝማ ርጭት ለሞተር ክፍሎች መጠገኛ ዋሉ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ዱቄቱን በኃይለኛ ሙቀት የሚያቀልጡ ነበሩ። ሙቀት ደግሞ አሉሚኒየምንና ማግኒዥየምን ይጎዳል። ስለሆነም ዝገት የበላውን የሄሊኮፕተር የማርሽ ሳጥን አካል በዚህ መንገድ ማዳን አስቸጋሪ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። በ1980ዎቹ አናቶሊ ፓፒሪንና ባልደረቦቹ በኖቮሲቢርስክ በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ሲመራመሩ፣ በፍጥነት የተወነጨፈ የብረት ዱቄት የገጠመውን አካል በመሸርሸር ፈንታ ሲጣበቅበት አስተዋሉ። ዱቄቱ በሰከንድ ከ500 እስከ 1,000 ሜትር ተወንጭፎ፣ ሳይቀልጥ፣ በግጭቱ ኃይል ተጨፍልቆ ይያያዛል። ከዚህ የተወለደው ቀዝቃዛ ርጭት ሊወገዱ ለነበሩ የማግኒዥየም ክፍሎች ተጨማሪ ዕድሜ ሰጠ።

ሆኖም ርጭት የጎደለውን መጠን ይሞላል እንጂ ከሥር ያለውን ስንጥቅ አይፈውስም፤ እንዲያውም ከዓይን ይሰውረዋል። ስለዚህ ከርጭት በፊት የሚደረገው የስንጥቅ ምርመራ ከጥገናው የማይለይ ግዴታ ነው።