መኪናው ሲቀንስ የቱ ጭስ ቀነሰ?

በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ከንግዳቸውና ከጉልበት ሥራቸው እየቆነጠሩ ለመንገድ ሥራ ሲያዋጡ ምኞታቸው አንድ ነበር፦ መኪና አገራችን ይግባ። ከዓለም ገና ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርሰው መንገድ የዚያ መዋጮ ላብ አለበት። ለዚያ ትውልድ የናፍጣ ሽታ ብክለት አልነበረም፤ በእግርና በበቅሎ ከመንከራተት መገላገያ ነበር።

መንገዱ ግን የሚያልፈውን ሁሉ ይዞ መጣ። ወልቂጤ በጅማ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መስመር ላይ የተቀመጡ ናቸውና፣ የማይቆምባቸው አይሱዙ ሳይቀር ጭሱን ጥሎባቸው ያልፋል።

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ፤ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። (ግማሽ ሰው የጫነ አውቶቡስ ግማሽ ጭስ አያወጣም፤ ይህን ብዙዎች አላስተዋሉትም።) በዚያ ሰሞን ሳተላይቶች በቻይናና በሰሜን ጣሊያን ሰማይ ላይ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ማሽቆልቆሉን አሳዩ። ከመኪና ጭስ የሚወጣ ጋዝ በመሆኑ፣ መኪና ሲቆም አየር ይጸዳል የሚለው ወሬ ዓለምን አዳረሰ።

እኛ አገር ግን ይኸው ጋዝ ሌላ ታሪክ አለው። በቡታጅራ ዙሪያ ገጠር፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የጤና ጥናት በሚካሄድበት አካባቢ፣ ተመራማሪዎች ጋዙን የለኩት አስፋልት ዳር ሳይሆን ቤት ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት አማካዩ በሜትር ኩብ 97 ማይክሮግራም መሆኑን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት የዓመት ወሰን ያኔ 40 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 10 ወርዷል። ምንጩ መኪና አይደለም፤ እንጨት፣ ኩበትና ጭስ መውጫ የሌለው ጎጆ ነው።

እንግዲህ «ከቤት አትውጡ» የተባለ ጊዜ፣ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ከአስፋልቱ ጭስ ርቆ ወደ ምድጃው ጭስ ቀረበ። እናቱማ ድሮም እዚያው ናት።

ይህ ማለት ትራፊክ መቀነስ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። መናኸሪያ በር ላይ ሙዝ የምትቸረችር ሴት ቀኑን ሙሉ የምትተነፍሰው ናፍጣ ነው፤ ማታ ደግሞ ቤቷ ገብታ እሳት ታነዳለች። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ከሁለቱ ጭሶች አንዱን ብቻ ይመለከታል፤ እሱንም ቢሆን አሮጌው አውቶቡስ እስኪያረጅ ጠብቆ ነው።

ሁለቱ የሚገናኙት በመስቀል ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሳው መኪና ሁሉ ወደ ጉራጌ ይጎርፋል፤ በየቤቱም ለክትፎውና ለቆጮው እሳት ይነዳል።