በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክን አስቀድሞ መምረጥ ያዋጣ እንደ ሆነ

በአሜሪካ የሙያ ፉትቦል ከተጫዋቾች ሁሉ የከበደ ኃላፊነት ያለበት ኳርተርባክ የሚባለው ነው። እርሱም ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር ወይም ለማን እንደሚያቀብል በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የሚወስን ሰው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ ቡድኖች በየዓመቱ ከኮሌጆች ወጣቶችን ሲመርጡ ይህን ሰው ማስቀደማቸው ያዋጣቸው እንደ ሆነ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምርጫው የተጀመረው በ1936 በፊላደልፊያ ከተማ ሲሆን፥ ሐሳቡን ያመነጨው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል ነበር። ከዚያ በፊት ወጣቶቹ ከፈለጉት ቡድን ጋራ ይዋዋሉ ስለ ነበር፥ ኃይለኞቹ ቡድኖች እየበረቱ ደካሞቹ እየደከሙ ሄዱ። በአዲሱ ሥርዓት ግን ባለፈው ዓመት በውጤት መጨረሻ የሆነው ቡድን በመጀመሪያ ይመርጣል። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ የተመሰገነው ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ ደከመው ቡድን ነውና።

ማስቀደም አያዋጣም የሚሉ ሰዎች ቶም ብሬዲን ይጠቅሳሉ። ብሬዲ በ2000 በስድስተኛው ዙር 199ኛ ሆኖ ሲመረጥ፥ ስድስት ኳርተርባኮች ቀድመውት ነበር። ሆኖም ሱፐር ቦውል የተባለውን የፍጻሜ ግጥሚያ ሰባት ጊዜ አሸንፎአል። በአንጻሩ ሳንዲዬጎ በ1998 በሁለተኛ ተራ የመረጠው ራያን ሊፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሙያው ወጣ።

ይህ ማስረጃ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይመስለንም። ብሬዲ የሚነሣው ብርቅ ስለ ሆነ ነው፤ በመጨረሻ ዙሮች ተመርጠው ስማቸው ሳይሰማ የቀሩትን ግን የሚቆጥራቸው የለም። ከሊፍ ፊት አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ፔይተን ማኒንግም ከታላላቆቹ አንዱ ሆኖአል። በ1983 በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት ስድስት ኳርተርባኮች ሦስቱ፥ ጆን ኤልዌይ፥ ጂም ኬሊና ዳን ማሪኖ፥ በፉትቦል የዝና አዳራሽ ገብተዋል። ነገር ግን ከስድስቱ ሱፐር ቦውልን ያሸነፈ ኤልዌይ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥሩ ሰው ማግኘትና ድል ማግኘት አንድ አይደሉም።

ልዩነቱን ለማየት ሁለት አንደኛ ምርጫዎችን እናነጻጽር። ዳላስ በ1989 ትሮይ ኤክማንን መረጠ። ኤክማን በዚያ ዓመት የጀመራቸውን 11 ግጥሚያዎች በሙሉ ተሸነፈ። ሆኖም ዳላስ ዝነኛውን ሯጭ ኸርሸል ዎከርን ለሚኒሶታ ሰጥቶ ብዙ የምርጫ ተራዎችን ስለ ተቀበለ፥ በወጣቱ ዙሪያ ብርቱ ቡድን ሠራ፤ ኤክማንም ሦስት ሱፐር ቦውል አሸነፈ። ሂውስተን ደግሞ በ2002 አዲስ ሆኖ ወደ ሊጉ ሲገባ ዴቪድ ካርን መረጠ። ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት ስለ ደከሙ፥ ካር በመጀመሪያው ዓመት ኳሱን እንደ ያዘ 76 ጊዜ ተጣለ፤ ይህም በሊጉ ታሪክ ከፍተኛው ቁጥር ሆነ። በዚያ በቆየባቸው አምስት ዓመታት ቡድኑ አንድም ዓመት ከሽንፈቱ ድሉ አልበለጠም።

ሌላው ነገር ዋጋው ነው። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የስድስት ዓመት የ78 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በ2011 የአዳዲስ ተጫዋቾች ደመወዝ በስምምነት ስለ ተወሰነ፥ የዚያ ዓመት አንደኛ ካም ኒውተን ለአራት ዓመት ያገኘው 22 ሚሊዮን ያህል ነው። የገንዘቡ ጉዳት ቢቀንስም የተራው ጉዳት አልቀረም። ሳን ፍራንሲስኮ በ2021 ሦስተኛውን ተራ ለማግኘት የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎቹን ሰጥቶ ትሬይ ላንስን ወሰደ። ላንስ አራት ግጥሚያ ብቻ ጀምሮ በ2023 ወደ ዳላስ ተላለፈ። ቡድኑን በ2024 ወደ ተደረገው ሱፐር ቦውል ያደረሰው በ2022 ከሁሉ በኋላ፥ 262ኛ ሆኖ የተመረጠው ብሮክ ፐርዲ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ የሚከተለው ነው። ኳርተርባክን ማስቀደም የሚያዋጣው፥ ቡድኑ ወጣቱን ከመረጠ በኋላ የሚከላከሉለትንና ኳሱን የሚቀበሉለትን ለማምጣት አቅም ሲተርፈው ነው። ያን አቅም ለምርጫው ከጨረሰው ግን፥ ወጣቱ የሌሎችን ስሕተት ተሸክሞ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው «ከሸፈ» ይባላል። ስለዚህ አንድ ምርጫ ሲከሽፍ፥ ከተመራጩ አስቀድሞ መራጮቹን መመርመር ይገባል እንላለን።