የሕክምና ጥናቶች መዝገብና የበሽተኛው ቋንቋ

የአዳዲስ መድኃኒቶች ጥናት የት እንደሚካሄድ የሚያውቁት ተመራማሪዎች ብቻ ከሆኑ፣ ሌላ ተስፋ የሌለው በሽተኛ ከደጅ ይቀራል። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ሕግ ለከባድና ለሕይወት አስጊ በሽታዎች የሚካሄዱ የመድኃኒት ጥናቶች ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ እንዲሰፍሩ አዘዘ። የአገሪቱ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍትም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 «ክሊኒካልትራያልስ ዶት ገቭ» የተሰኘውን ድረ ገጽ ሥራ አስጀመረ።

በአሌክሳ ማክሬይ የተመራው የዝግጅት ቡድን ከገጠሙት ችግሮች አንዱ የቃላት ልዩነት ነበር፤ በሽተኛው ሕመሙን የሚጠራበት ስም ተመራማሪው ከሚጽፈው ይለያል። ስለዚህ ተመሳሳይ ፍቺ ያላቸውን የሕክምና ቃላት የሚያዛምደው የቤተ መጻሕፍቱ የቃላት ስብስብ ለፍለጋው አገልግሎት ዋለ። ስለ በሽታው በቀላል ቋንቋ ወደሚያስረዱ ገጾችም መሸጋገሪያ ተበጀ።

ይሁን እንጂ መዝገቡ የጥናቱን መኖር እንጂ ውጤቱን አያሳይም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕግ የበርካታ ጥናቶች ውጤት እንዲገለጽ ስላስገደደ፣ በ2008 የውጤት ክፍል ተከፈተ። ገጽታው ለተጠቃሚው እንዲቀል ታድሶም በ2023 የቀድሞውን ተካ።

ሆኖም ጥናቱ በመዝገቡ መስፈሩ ብቻ በመንግሥት ተገምግሟል ማለት እንዳልሆነ ድረ ገጹ ራሱ ያሳስባል። ገጹ የቱንም ያህል ቢቀል፣ በሽተኛው ከመወሰኑ በፊት ከሐኪሙ ጋር መምከሩ አይቀሬ ነው።