ወሎ በሄልሲንኪ ጉባኤ፦ ረሃብ ከየት ይመጣል?

«የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» ይላል የአገራችን ሰው። በሐምሌ ወር 1978 ዓ.ም. በፊንላንድ ዋና ከተማ በሄልሲንኪ የተሰበሰቡት የልማት ኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ግን ከልዩ ልዩ አገሮች ተጉዘው የመጡት ስለ ተራበው ሰው ለመነጋገር ነበር። ስብሰባውን የጠራው የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመውና ዋይደር በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የምርምር ተቋም ነው። ጥናቱን በግንባር ቀደምትነት የመሩት ሕንዳዊው ምሁር አማርትያ ሴንና በትውልድ ቤልጅጋዊ የሆኑት ዣን ድሬዝ ነበሩ። ከቀረቡት ጥናቶች መካከል አንዱ፣ በቢ. ጂ. ኩማር የተጻፈው፣ በቀጥታ ስለ ኢትዮጵያ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜው አንባቢ እንደሚያስታውሰው የ«ሰባ ሰባቱ» ረሃብ ቁስል ገና ያልጠገገበት ነበር። በጥቅምት 1984 የቢቢሲ ቴሌቪዥን የቆረምን መጠለያ ለዓለም ካሳየ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። የሟቾቹ ቁጥር እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለምን አለቀ ተብሎ ሲጠየቅ በየቦታው የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር፦ ዝናብ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ሞተ። በሄልሲንኪ የተመረመረው ይህ መልስ ነው።

ሴን ረሃብን የሚያውቁት በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። በ1943 በቤንጋል ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲያልቅ የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ። በኋላ መዝገቦቹን ሲመረምሩ በዚያ ዓመት በቤንጋል የነበረው እህል ከሌሎቹ ዓመቶች እጅግ ያነሰ እንዳልነበረ ተረዱ። በ1981 ባሳተሙት ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትተው መጽሐፋቸው ያስረዱት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። እህል በአገር ውስጥ መኖሩና እህል በሰው እጅ መግባቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገበሬ የሚበላው ካመረተው ነው። ሸማኔ ጥበቡን ሸጦ፣ የቀን ሠራተኛ ጉልበቱን ሸጦ፣ ከብት አርቢ ፍየሉን ሸጦ ይበላል። ክፉ ቀን ሲመጣ ፀጉር የሚስተካከል ስለማይኖር ፀጉር አስተካካዩም ይራባል። ገበያው በእህል ቢሞላ እንኳ የሚሸጠው ነገር ዋጋ ያጣበት ሰው ደጁ ላይ ይሞታል።

ለዚህ ማስረጃ ይሆኑ ዘንድ ሴን ከመረጧቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በ1973 በወሎ ሕዝቡ ሲረግፍ በአገሪቱ በጠቅላላው የተመረተው እህል ከወትሮው ብዙ ያነሰ አልነበረም። በወሎ ግን አዝመራው ክፉኛ ወድሟል። የሚያስገርመው በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው እምብዛም አለመናሩ ነው። ምክንያቱም ገበሬው አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውንም አጣ። ገንዘብ የሌለው ሰው ቢራብም ዋጋ አያስወጣም፤ ነጋዴውም ገዢ ወደሌለበት እህል አይጭንም። እንዲያውም ከወሎ እህል ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይሄድ እንደነበር ሴን ጽፈዋል። በዚያው አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ረሃብተኞች አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ የሚበላ ይለምኑ ነበር።

የአፋር ዘላኖችም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ድርቁ ከብታቸውን ከመፍጀቱ አስቀድሞ በአዋሽ ሸለቆ የተስፋፉት የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች የበጋ ግጦሻቸውን ወስደውባቸው ነበር። ከሞት የተረፈውን ከብት ገበያ ሲያወጡት ደግሞ የከብት ዋጋ ወርዶ ጠበቃቸው። አንድ በሬ ቀድሞ ያስገኝ የነበረውን እህል ማስገኘቱ ቀረ። ስለዚህ ከብቱ ቢተርፍም ባለቤቱ አልተረፈም።

ጉባኤተኞቹ ከዚህ ጎን ለጎን የተመለከቱት ሌላ አገር አለ። ወሎ ሲራብ፣ በ1972 እና በ1973፣ በሕንድ የማሃራሽትራ ክፍለ ግዛትም ከባድ ድርቅ ገብቶ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ሕዝብ ያኔ ከ50 ሚሊዮን በላይ ነበር። መንግሥት ያደረገው ሰውን ወደ መጠለያ መሰብሰብ ሳይሆን ሥራ መክፈት ነበር። መንገድ ማውጣት፣ ግድብና ጉድጓድ መቆፈር፣ ለሠራተኛውም በጥሬ ገንዘብ መክፈል። ሥራው በበረታበት ወቅት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተሰማርቶ ነበር። ገንዘቡ በሰዉ እጅ ሲገባ እህሉ ከሌላ ክፍለ ግዛት ተከትሎ መጣ። ዣን ድሬዝ እንዳሳዩት ማሃራሽትራ ያን ያህል ድርቅ ያለ እልቂት አለፈችው። ወሎ ግን አላለፈችውም። ልዩነቱ ከሰማይ የመጣ አይደለም።

የሕንድ መንግሥት ለምን ፈጠነ ለሚለው ጥያቄ ከቀረቡት መልሶች አንዱ ስለ ጋዜጣ ነው። ሕንዳዊው ጋዜጠኛ ኤን. ራም ባቀረቡት ጥናት ነፃ ጋዜጣ ረሃብ ሳይብስ ደወል እንደሚደውል አስረድተዋል። ሴንም ምርጫ ያለበትና ጋዜጣ ያልታፈነበት አገር ታላቅ ረሃብ አይደርስበትም ብለው ተከራክረዋል። ቻይና ከ1958 እስከ 1961 በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ ስታጣ ወሬው ተዳፍኖ መቅረቱን በምሳሌነት ያነሳሉ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አለው። የወሎን ረሃብ ለዓለም የገለጠው የአገር ውስጥ ጋዜጣ ሳይሆን በጥቅምት 1973 የታየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነበር። ያንኑ ፊልም ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ባወረደበት ዋዜማ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ለሕዝብ አሳየ። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ራሱ ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር የሰሜኑ ገበሬ እየረገፈ ነበር።

ይህ ማለት የሴን ሐሳብ ያለ ክርክር ተቀባይነት አገኘ ማለት አይደለም። የደሴ ዋጋ የከተማ ዋጋ ነው፣ መንገድ የማይደርስበትን ተራራማ መንደር አይናገርም ያሉ አሉ። የወሎ አዝመራ መጥፋት ራሱ ሊናቅ አይገባም ያሉም አሉ። የሰባ ሰባቱን ረሃብ የተመለከቱ ደግሞ በትግራይና በሰሜን ወሎ ገበያውን የዘጋው ድርቅ ብቻ ሳይሆን ጦርነት መሆኑን፣ በሠፈራ ዘመቻ 600,000 ያህል ሰው ከቀየው መነሳቱን ጠቅሰዋል። የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ ገበያው በቦምብ ሲመታ ምን ያደርጋል? በገበያ ላይ የተመሠረተው ትንታኔ ለዚህ በቂ መልስ አልነበረውም።

ከአገር ቤት ሊቃውንትም የቀደመ ሥራ ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከ1958 እስከ 1977 የደረሰውን ረሃብ መርምረው በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ረሃብን የሚያመጣው ድርቅ ሳይሆን ገበሬውን ከድርቁ በፊት አራቁቶ የሚያስቀምጠው ሥርዓት መሆኑን አስረድተዋል። አቶ ደሳለኝ ራህማቶ ደግሞ በወሎ በአምባሰል አውራጃ ያደረጉት ጥናት ገበሬው እጁን አጣጥፎ ሞትን የሚጠብቅ እንዳልሆነ ያሳያል። ምግቡን ይቀንሳል፣ ከዘመድ ይበደራል፣ ከብቱን በተራ ይሸጣል፤ ቀየውን የሚለቀው የመጨረሻው መላ ሲያልቅበት ነው። መጠለያ የደረሰ ሰው መንገዱን የጀመረ ሳይሆን የጨረሰ ነው። እርዳታ መድረስ ያለበት በሬው ከመሸጡ በፊት እንደሆነ ከዚህ መማር ይቻላል።

ከሄልሲንኪ የወጡት ጥናቶች በ1990 እና በ1991 በሦስት ቅጽ ታተሙ። ሴን በ1998 የኖቤል ሽልማት አገኙ። በኢትዮጵያም በ2005 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ችግረኛው በየዓመቱ ሠርቶ ገንዘብ ወይም እህል እንዲያገኝ ያደረገው፣ ከዚሁ አስተሳሰብ የራቀ አይደለም።

በውጭ አገር የሚኖረው ወገን ደግሞ ጽንሰ ሐሳቡን ሳያነብ በሥራ ያውቀዋል። ከደመወዙ ቀንሶ በሐዋላ የሚልከው ገንዘብ ዝናብ አያዘንብም፤ አንድ ኩንታል ጤፍም አይጨምርም። የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፦ እናት ገበያ ወጥታ እዚያው ያለውን እህል መግዛት እንድትችል ያደርጋታል። በ1973 በደሴ ገበያ የጎደለው ይኸው ነበር። ላኪ ዘመድ የሌለው ገበሬስ? ጥያቄው ዛሬም ለመንግሥት የሚቀርብ ነው።