ድምፅ የተሰጠባቸው ሰዎች፦ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕዝበ ውሳኔ ሥነ ልቦናዊ ዋጋ

ኖቬምበር 15 ቀን 2017 የአውስትራሊያ የስታቲስቲክስ ቢሮ ከወትሮው ሥራው የተለየ ቆጠራ ውጤት ይፋ አደረገ። ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች መጋባት እንዲችሉ ሕጉ ይሻሻል ወይ የሚል አንድ ጥያቄ የያዘ ቅጽ ለመራጮች በፖስታ ተልኮ ነበር። ከተመዘገቡት መራጮች 79.5 በመቶው፣ ማለትም 12.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ቅጹን ሞልተው መልሰዋል። ከእነዚህ 61.6 በመቶው «አዎ»፣ 38.4 በመቶው «አይ» ብለዋል። ዲሴምበር 7 ፓርላማው የሕግ ማሻሻያውን አጸደቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ሕጉ በሥራ ላይ ዋለ። በፖለቲካ ሚዛን ሲታይ ነገሩ በዚሁ የተቋጨ ይመስላል። ይህ መጣጥፍ የሚመረምረው ግን ከሂሳቡ ውጭ የቀረውን ወጪ ነው፤ ሌዝቢያን፣ ጌይ፣ ባይሴክሹዋል፣ ትራንስጀንደርና ኢንተርሴክስ የሆኑ ሰዎች (ከዚህ በኋላ ኤልጂቢቲአይ) ድምፅ በተሰጠባቸው ወራት በስሜታቸውና በአእምሮ ጤናቸው የከፈሉትን። የመጣጥፉ መከራከሪያ ይህ ነው፦ ጉዳቱ በዋነኛነት የሚመነጨው ከድምፅ አሰጣጡ ሂደት ነው፤ ውጤቱ ጉዳቱን ያባብሰዋል ወይም ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ሕግ ሳያስገድደው ይህን መንገድ የሚመርጥ መንግሥት ለሚከተለው ጉዳት ኃላፊነት አለበት። የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ማስረጃው ከመግባታችን በፊት ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ብዙ የአማርኛ አንባቢ ከሃይማኖቱና ካደገበት ባህል የተቀዳ ጽኑ አቋም አለው። ጋብቻው ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ውሳኔው በምን ዓይነት ሥርዓት ይሰጥ የሚለው ደግሞ ሌላ። እዚህ የተነሳው ሁለተኛው ነው። ለመጀመሪያው «አይፈቀድ» ብሎ የሚመልስ ሰውም ሁለተኛውን ሊመዝነው ይገባል፤ ዛሬ በአንዱ አናሳ ቡድን ላይ የተሠራበት መንገድ ነገ በሌላው፣ በእምነቱ ወይም በቋንቋው አናሳ በሆነው ላይ፣ ሊሠራበት ይችላልና።

ሕግ ያላስገደደው መንገድ

በአውስትራሊያ የጋብቻን ሕግ ለማሻሻል የሕዝብ ድምፅ አያስፈልግም ነበር። በ2004 የጆን ሃዋርድ መንግሥት ጋብቻ በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የሚፈጸም ብቻ መሆኑን ሕጉ ውስጥ ሲያስገባ በፓርላማ ድምፅ ጨርሶታል፤ ሕዝቡን የጠየቀ አልነበረም። በ2013 መጨረሻ ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የፌዴራሉ ፓርላማ መሆኑን ወሰነ። ሕዝቡ ይጠየቅ የሚለው ሐሳብ ጎልቶ የወጣው ገዥው ጥምረት እርስ በርሱ መስማማት ሲያቅተው ነው። በኖቬምበር 2016 ሴኔቱ የሕዝበ ውሳኔውን ረቂቅ ሲጥለው፣ ተቃዋሚው ሌበር ፓርቲ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ዘመቻው በወጣቶች የአእምሮ ጤና ላይ ሊያደርሰው የሚችለው ጉዳት ነበር። በኦገስት 2017 ሐሳቡ ዳግመኛ በሴኔቱ ሳያልፍ ሲቀር፣ የማልኮም ተርንቡል መንግሥት 122 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ጉዳዩን በስታቲስቲክስ ቢሮው በኩል በፖስታ ወደ ሕዝብ ወሰደው። በምርጫ መሳተፍ ግዴታ በሆነባት አገር ይህኛው በፈቃደኝነት የሚሞላ ነበር፤ ውጤቱም ፓርላማውን በሕግ አያስገድድም ነበር። ቅጾቹ መላክ በጀመሩ ማግስት፣ ሴፕቴምበር 13፣ ሰውን በጾታዊ ዝንባሌው፣ በጾታ ማንነቱ፣ በኢንተርሴክስነቱ ወይም በሃይማኖታዊ እምነቱ ምክንያት ማዋረድንና ማስፈራራትን የሚከለክል ጊዜያዊ ሕግ ጸደቀ። ጊዜው የሚያበቃው ውጤቱ በሚገለጽበት ቀን ነበር። የዚህ ሕግ መኖር ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ሂደቱን የጠሩት ሰዎች አደጋውን አስቀድመው አውቀውታል ማለት ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይፈጠራል

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኢላን ሜየር በ2003 ያቀረበው የአናሳነት ጫና ንድፈ ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳል። በዚህ አስተሳሰብ የአናሳ ቡድን አባል ሌላው ሰው ከሚሸከመው የኑሮ ጭንቀት በላይ ተጨማሪ ሸክም አለበት። ይኸውም በቀጥታ የሚደርስበት በደል፣ በደል ይደርስብኛል የሚለው የዘወትር ስጋት፣ ማንነትን የመደበቅ ድካምና ማኅበረሰቡ የሚሰነዝርበትን ንቀት ወደ ውስጥ ወስዶ ራሱን በዚያው ዓይን ማየት ነው። በዕለት ተዕለት ኑሮ እነዚህ ጫናዎች ተራርቀው ይመጣሉ፤ ሰውም ወዳጁን መርጦ፣ ሰፈሩን መርጦ፣ አንዳንዱን ነገር እንዳልሰማ አልፎ ይቋቋማቸዋል። የሕዝብ ድምፅ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ ያመጣቸዋል። ክርክሩ በቴሌቪዥን፣ በመሥሪያ ቤት ምሳ ሰዓትና በቤተሰብ ማዕድ ላይ ይገባል፤ በሴፕቴምበር 2017 በሲድኒ ሰማይ ላይ ሳይቀር «አይ በሉ» የሚል ጽሑፍ በአውሮፕላን ጭስ ተጽፎ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የዳኝነቱ ባሕርይ ነው። የፓርላማ አባል ሲወስን ፈራጁ ይታወቃል፤ ሊሞገትም ይችላል። ሕዝብ ሲወስን ግን ጎረቤቱም፣ አስተማሪዋም፣ አጎቱም ፈራጅ ይሆናሉ፤ ማን ምን ብሎ እንደፈረደም አይታወቅም። ስጋቱ መልክና አድራሻ ስለሌለው ከእሱ መሸሻ የለም።

ከተሸነፉ ድምፆች የተገኘ ማስረጃ

ቀደምት ጥናቶች የተካሄዱት ኤልጂቢቲአይ ሰዎች በተሸነፉባቸው ድምፆች ላይ ነው። በኖቬምበር 1992 የአሜሪካዋ የኮሎራዶ ግዛት መራጮች ለጌይ፣ ለሌዝቢያንና ለባይሴክሹዋል ዜጎች ከአድልዎ ጥበቃ የሚሰጡ ሕጎችን የሚከለክል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ53 በመቶ ድምፅ አጸደቁ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ግሌንዳ ራስል ከድምፁ በኋላ 663 የግዛቲቱን ጌይ፣ ሌዝቢያንና ባይሴክሹዋል ነዋሪዎች ጠይቃ የድባቴ፣ የጭንቀትና ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚታዩ ምልክቶችን መዘገበች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ማሻሻያው ሥራ ላይ ሳይውል በፍርድ ቤት መታገዱና በ1996 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሻሩ ነው። ሕጉ በማንም ላይ ሳይፈጸም ሕመሙ ከታየ፣ ምንጩን መፈለግ ያለብን በድምፅ መስጠቱና በተላለፈው መልእክት ውስጥ ነው።

ይህን ግምት ያጠናከረው ማርክ ሃትዘንቡህለርና ባልደረቦቹ በ2010 ያሳተሙት ጥናት ነው። ከ34 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን በ2001 እና በ2002 መካከል፣ ኋላም በ2004 እና በ2005 መካከል ከጠየቀ አገር አቀፍ ጥናት ተነስተው፣ በመካከሉ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕዝብ ድምፅ የከለከሉ ግዛቶችን ካልከለከሉት ጋር አነጻጸሩ። በከለከሉት ግዛቶች በሚኖሩ ጌይ፣ ሌዝቢያንና ባይሴክሹዋል ሰዎች ዘንድ የስሜት መዛባት ሕመሞች በ36.6 በመቶ፣ አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም በ248.2 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። የሁለተኛው አኃዝ ግዝፈት በከፊል ከመነሻው ዝቅተኛነት የመጣ ስለሆነ ብቻውን ሊጠቀስ አይገባም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። በእነዚያው ግዛቶች በሚኖሩ ሌሎች ሰዎች ላይ ይህን ያህል ጭማሪ አልታየም። የአካባቢው ኢኮኖሚ ወይም አጠቃላይ የፖለቲካ ግለት ምክንያት ቢሆን ኖሮ ለውጡ በሁሉም ላይ በታየ ነበር።

ሲያሸንፉስ?

እስካሁን የቀረበው ማስረጃ አንድ ቀዳዳ አለው፤ ሕመሙ የሽንፈት ሐዘን ብቻ ሊሆን ይችላል። መከራከሪያዬን በትክክል የሚፈትኑት ስለዚህ በድል የተጠናቀቁት ድምፆች ናቸው። በ2012 በሜይን፣ በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታና በዋሽንግተን ግዛቶች በተሰጠው ድምፅ በአራቱም የኤልጂቢቲአይ ወገን አሸንፏል። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ፍሮስትና አዳም ፊንገርሃት በዘመቻው ወቅት የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን በየቀኑ ማስታወሻ እያስሞሉ ሲከታተሉ፣ የተቃውሞ መልእክት በበዛባቸው ቀናት ደስታቸውና በትዳር ጓደኛቸው ያላቸው እርካታ ሲቀንስ አይተዋል። አየርላንድ በሜይ 2015 ጋብቻውን በ62 በመቶ ድምፅ አጽድቃለች፤ ዓለምም የደስታውን ምስል አይቷል። ይሁንና በ2016 የወጣ፣ ከ1,600 በላይ ኤልጂቢቲአይ ሰዎችን የጠየቀ ጥናት በዘመቻው ወቅት ቁጣ፣ ጭንቀትና ሐዘን በሰፊው መሰማቱን አሳይቷል፤ ወጣቶቹ ላይ ደግሞ በረታ።

የአውስትራሊያው መረጃም ከዚህ ጋር ይገጥማል። 9,500 ያህል ሰዎች በመለሱት አንድ ጥናት፣ የፖስታ ድምፁ ከታወጀ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት የቃልና የአካል ጥቃት ከዚያ በፊት ከነበሩት ስድስት ወራት ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ በላይ ጨምሯል፤ ድባቴ፣ ጭንቀትና ውጥረትም ከሲሶ በላይ ከፍ ብለዋል። ስቴፋኖ ቬሬሊና ባልደረቦቹ 1,305 ጌይ፣ ሌዝቢያንና ባይሴክሹዋል አውስትራሊያውያንን ጠይቀው በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ አሉታዊ የሚዲያ መልእክት በብዛት ያየ ሰው የሥነ ልቦና ጭንቀቱ እንደሚበረታ፣ የቅርብ ሰዎቹ የሚደግፉት ሰው ግን ጫናውን በተሻለ እንደሚቋቋም ደርሰውበታል። የመጨረሻው ግኝት ጉዳቱ እኩል እንደማይከፋፈል ያስገነዝባል። ብዙ የሚጎዳው ድጋፍ የሌለው ሰው ነው፤ ለቤተሰቡ ገና ያልተናገረ ወጣት፣ ወይም ወገኖቹ በአብዛኛው «አይ» ባሉበት ሰፈር የሚኖር። ከ150 የምርጫ ክልሎች 17ቱ «አይ» ያሉ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ስደተኞች በብዛት በሚኖሩበት የምዕራብ ሲድኒ ክፍል ይገኛሉ፤ በብላክስላንድ የ«አይ» ድምፅ 73.9 በመቶ ደርሷል። ፍራንሲስኮ ፔራሌስና አብራም ቶድ ባደረጉት ጥናት የ«አይ» ድርሻ ከፍ ባለባቸው ክልሎች የሚኖሩ ጌይ፣ ሌዝቢያንና ባይሴክሹዋል ሰዎች የሕይወት እርካታቸውና የአእምሮ ጤናቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በዜግነት አውስትራሊያዊ የሆኑ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ቅጹ ደርሷቸዋል። ከስደተኛ ማኅበረሰብ የመጣ ኤልጂቢቲአይ ሰው ከዘረኝነት የሚጠለልበት ወገኑ በዚህ ጉዳይ ፈራጅ ሲሆንበት፣ አገር አቀፉ 61.6 በመቶ ብዙ አያጽናናውም።

ተቃውሞዎችና ምላሻቸው

የመጀመሪያው ተቃውሞ የምርምር ዘዴን የሚመለከት ነው። በፈቃዳቸው መጠይቅ የሚሞሉ ሰዎች ይበልጥ የተጎዱት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያለፈውን ስሜት አስታውሶ መናገርም ያዛባል። ይህ የአየርላንዱንና የ9,500ዎቹን ጥናት በእርግጥ ይነካል፤ አኃዞቻቸውን ለመላው ሕዝብ እንደ ልኬት መውሰድም ስሕተት ነው። ነገር ግን የሃትዘንቡህለር ጥናት አገር አቀፍ ናሙና ይዞ እነዚያኑ ሰዎች ሁለት ጊዜ ጠይቋል፤ የፍሮስትና የፊንገርሃት ስሜቱን በየቀኑ መዝግቧል፤ የፔራሌስና የቶድ ደግሞ ለሌላ ዓላማ በሚካሄድ አገር አቀፍ የቤተሰብ ጥናት ላይ ተመሥርቷል። አንዱ በሚደክምበት ሌላው ይበረታል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ግኝቱን በናሙና ስሕተት ማሳበብ ይከብዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የድሉን ፋይዳ ያነሳል፤ ሕጉ የሚያመጣው ጥቅም የወራቱን ሥቃይ ያካክሳል ይላል። ሕጉ መጥቀሙን ማስረጃው ይደግፋል። ጁሊያ ራይፍማንና ባልደረቦቿ በ2017 ባሳተሙት ጥናት የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በፈቀዱ የአሜሪካ ግዛቶች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ራስን የማጥፋት ሙከራ በ7 በመቶ ቀንሷል። ይሁንና ከእነዚያ ግዛቶች ብዙዎቹ ሕጉን ያገኙት በፍርድ ቤት ወይም በምክር ቤት ነው። ጥቅሙ የሕጉ እንጂ የድምፁ አይደለም፤ ያለ ድምፁም ይገኝ ነበር። ጎረቤቷ ኒውዚላንድ በ2013 ጉዳዩን በፓርላማዋ ወስና ያንኑ ጥቅም ያለዚያ ዘመቻ አግኝታለች።

ሦስተኛውና ክብደት ያለው ተቃውሞ ከዴሞክራሲ መርህ ይነሳል። ሕዝብ በራሱ የወሰነው ለውጥ ጽኑ ተቀባይነት አለው፤ የስሜት ጉዳት ይደርሳል ተብሎ ክርክር ከተከለከለ ደግሞ የመናገር ነፃነት ባዶ ይሆናል፤ «አይ» ያሉትም ተሰድበናል፣ ተገልለናል ብለዋል። ከዚህ ውስጥ እውነት አለ። «አይ» ባዮችም በዘመቻው ቆስለዋል፤ ጊዜያዊው ሕግ ሃይማኖታዊ እምነትን አብሮ የጠበቀውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን የሁለቱ ወገን አቋም በድምፁ ፊት እኩል አልነበረም። «አይ» ያለው ሰው ቢሸነፍ የራሱ ትዳር እንደነበረ ይቆያል፤ ድምፅ የተሰጠው በሌላው ሰው ትዳር ላይ ነው። መከራከሪያዬም ክርክር ይከልከል አይልም፤ በፓርላማ የሚወሰን ጉዳይም በአደባባይ ይከራከሩበታል። የሚለው፣ ተቀባይነትን በሌላ መንገድ ማግኘት ሲቻል እያንዳንዱን ዜጋ በጎረቤቱ ላይ ፈራጅ ማድረግ ዋጋው ተመዝኖ መመረጥ አለበት ነው። አየርላንድ ሕገ መንግሥቷን ለማሻሻል ሕዝበ ውሳኔ ግዴታዋ ነው፤ አውስትራሊያ ግን ግዴታ አልነበረባትም። ይህ ልዩነት ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ ይወስናል።

ማጠቃለያ

ኤልጂቢቲአይ ሰዎች ከተሸነፉባቸውም ካሸነፉባቸውም ድምፆች የተገኘው ማስረጃ በአንድነት ሲታይ ወደ አንድ ብያኔ ያመራል። የአንድ አናሳ ቡድን የቤተሰብ ሕይወት ለሁሉም ዳኝነት ሲቀርብ የሚደርሰው የስሜት ጉዳት አስቀድሞ የሚታወቅ የፖሊሲ ወጪ ነው። ሕገ መንግሥት የሚያስገድዳቸው አገሮች የዘመቻውን ጊዜ ማሳጠር፣ ከጥቃት የሚጠብቅ ሕግ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ማውጣት፣ የምክር አገልግሎት ለሚሰጡ ተቋማት አስቀድሞ በጀት መመደብና ድጋፉን ከውጤቱ በኋላም «አይ» በበዛባቸው አካባቢዎች ማስቀጠል ይገባቸዋል። የማያስገድዳቸው ግን መንገዱን ባይጀምሩት ይሻላል። የአውስትራሊያ ፓርላማ በዲሴምበር 2017 ያጸደቀው ሕግ ከአራት ዓመት በፊትም ሥልጣኑ ሥር የነበረ ነው፤ በመካከል የተከፈለው ዋጋ ለማንም የማይመለስ፣ ሊቀር ይችል የነበረ ዋጋ ነው።