ሰላም ለራጅ ግሬኖብል ድረስ ለምን ሄደች?

ለተሻለ ምርመራ ከሉማሜ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ሪፈር መባልን የለመደ ሰው የሰላም ጉዞ ብዙም አይገርመውም። ታኅሣሥ 1 ቀን 1993 ዓ.ም. በአፋር ዲኪካ የተገኘችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን ሪፈር የተባለችው ግን ፈረንሳይ ነው።

የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን አጥንቷን ከአሸዋ ድንጋይ ለመለየት በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ዓመታት ደክሟል። የጥርሷን ውስጥ ግን መሰርሰሪያ አያየውም። ድንጋይ የሆነ አጥንት በድንጋይ ተሞልቶ ሲመጣ የሐኪም ቤት ራጅም ሁለቱን አጥርቶ አይለይም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 ቅሪቱ ታሽጎ፣ በሰው እጅ ተይዞ ግሬኖብል ገባ፤ ለሁለት ሳምንት ያህልም ተነሣ።

እዚያ ዙሪያው 844 ሜትር የሆነ ቀለበት አለ። ኤሌክትሮኖች ለብርሃን እጅግ በተጠጋ ፍጥነት ይዞሩበታል፤ ማግኔት መንገዳቸውን ባጠፈ ቁጥር እጅግ ደማቅ ራጅ ይረጫሉ። (ይህ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ መጀመሪያ በዓይን ሲታይ፣ ለማሽን ሠሪዎቹ የጉልበት ብክነት ነበር።) እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ጥናት የጥርሷ የዕድገት መስመሮች እንደ ዛፍ ቀለበት ተቆጠሩ፤ ሰላም የሞተችው በተወለደች በ861 ቀኗ ነው። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ዕድሜን በቀን መቁጠር!

ቀለበቱን ማሳነስ ይቻላል? እ.ኤ.አ. በ1998 ሁዋንግ እና ሩት የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች አንድ መንገድ አቀረቡ፦ በማግኔቱ ፈንታ የሌዘር ብርሃን ከኤሌክትሮኑ ጋር ፊት ለፊት ይጋጭ። የማግኔቶቹ ሞገድ በሴንቲሜትር ይለካል፤ የሌዘሩ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ሞገዱ ይህን ያህል ሲያጥር ተመሳሳይ ራጅ ለማግኘት ኤሌክትሮኑ ከመቶ እጥፍ ያነሰ ጉልበት ይበቃዋል፤ ማሽኑም አንድ ክፍል ውስጥ ይገባል። ሙኒክ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዲህ ያለውን ተክላለች። ድምቀቱ ግሬኖብልን አያክልም፤ ከተለመደው ራጅ ግን በእጅጉ ይበልጣል።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ለአፍሪካ የራሷ የብርሃን ማዕከል ይገንባ የሚሉ ሳይንቲስቶች የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን አካሄዱ። የት? እዚያው ግሬኖብል። የአህጉሪቱ ክርክር እስካሁን በትልቁ ቀለበት ላይ ነው፤ ገንዘቡ እስኪገኝ ግን ክፍል የሚያህለው ማሽን የሰላምን ወንድሞችና እህቶች አዲስ አበባ ላይ ሊያነሣ ይችል ነበር።